ከመልካ ዲዳ እስከ ጎዴ፦ የካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ሕይወት እና የሁለት አየር ኃይሎች የሥልጠና ታሪክ

መግቢያ

በአሰላ ከተማና በአርሲ ደጋ የስዊድን ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ግብርና ነው። በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ሥራ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ምርጥ ዘርን፣ ማዳበሪያንና ብድርን ከገበሬ ሥልጠና ጋር አጣምሮ ለማቅረብ የሞከረ ተቋም ነበር። ስዊድናውያን ግን ከዚያ 20 ዓመት ያህል ቀደም ብለው፣ ከአሰላ በስተሰሜን በምትገኘው በቢሾፍቱ፣ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ቆይተዋል። ተማሪዎቹ አብራሪዎችና መካኒኮች፣ ዓላማውም የኢትዮጵያን አየር ኃይል እንደገና መመሥረት ነበር። የዚህ ሥራ መሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ይባላሉ።

ይህ አጭር ጽሑፍ የቮን ሮዘንን የሕይወት ታሪክ መሠረት በማድረግ የኢትዮጵያንና የሶማሊያን አየር ኃይሎች የሥልጠናና የውጊያ ታሪክ ያነጻጽራል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ላይ የታየው ልዩነት ከአውሮፕላን ብዛት ይልቅ ከሥልጠና ቀጣይነት የመነጨ ነው የሚል ነው። ዘመናቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉት እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት አላቸው።

የቤተሰብ መነሻ

ቮን ሮዘን እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1909 በስዊድን ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ካውንት ኤሪክ ቮን ሮዘን በአሳሽነት ይታወቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ፊንላንድ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ሳለች ለነጮቹ ወገን አንድ አውሮፕላን በስጦታ ሰጡ፤ የፊንላንድ አየር ኃይል የልደት ታሪኩን የሚቆጥረው ከዚያች አውሮፕላን ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ አገር የራሷን አየር ኃይል ከምንም ተነሥታ ስትገነባ የማየት ታሪክ በቤተሰቡ ውስጥ ቀድሞ ነበረ።

የእናታቸው እህት ካሪን ደግሞ ኋላ የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የሆነውን ኸርማን ጎሪንግን አገባች። ይህ ዝምድና ቮን ሮዘንን ረጅም ዘመን ተከትሏቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለብሪታንያ አየር ኃይል ለማገልገል ባመለከቱ ጊዜ ተቀባይነት ያጡት በዚሁ ምክንያት እንደሆነ የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች ይስማማሉ። በወጣትነታቸው በረራ ተምረው በአየር ላይ ትርኢት ኑሯቸውን ይመሩ የነበሩት እኚህ ሰው፣ የፖለቲካ አቋማቸውን በተግባር ያሳዩት ግን ከዘመዳቸው በተቃራኒ ወገን በመቆም ነው። የመጀመሪያው መስክ ኢትዮጵያ ሆነች።

በ1928 ዓ.ም.፦ ያልተመጣጠነ ሰማይ

የኢትዮጵያ የአየር ታሪክ የሚጀምረው የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች በገቡበት በ1921 ዓ.ም. ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት ሚሽካ ባቢቼፍንና አስፋው ዓሊን የመሳሰሉ አብራሪዎች ሠለጠኑ፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ አፍሪካ አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን መጥተው ጥቂቶቹን አውሮፕላኖች በአዛዥነት ተረከቡ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ሲሻገር፣ ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች ከደርዘን እምብዛም የማይበልጡ፣ አብዛኞቹም ያረጁና መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። አገልግሎታቸው መልእክትና ሰው ከማመላለስ አላለፈም። ኢጣሊያ በአንጻሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አሰለፈች፤ ቦምብና የሰናፍጭ ጋዝም ጣለች።

ቮን ሮዘን ወደዚህ ጦርነት የገቡት በቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪነት ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በዶሎ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደበደበ። በርካታ ቁስለኞች ሞቱ፤ ከስዊድናውያኑ አንዱ ሕይወቱን ሲያጣ መሪው ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ። በመጋቢት ወር ቮን ሮዘን የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ የሆኑትን ዶክተር ማርሴል ዡኖን ይዘው ወደ ቆረም በረሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለባት አውሮፕላናቸውም መሬት ላይ እንዳለች በቦምብ ወደመች።

የዚህ ዘመን ልምድ ለኋላው ሥራቸው ሁለት ትምህርት ይዟል። አንደኛው፣ በአየር የማይጠበቅ ጦር፣ ሆስፒታልና ገበያ የቱንም ያህል ጀግና ቢኖረው ራሱን መከላከል እንደማይችል ነው። ሁለተኛው፣ ከውጭ የተገዛ አውሮፕላን የሚያበረውና የሚጠግነው የአገር ልጅ በበቂ ቁጥር ካልኖረ አየር ኃይል ሊባል እንደማይችል ነው። ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. የጎደላት የመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውም ነበር።

ከፊንላንድ ወደ ቢሾፍቱ

ከኢትዮጵያ ሽንፈት በኋላ ቮን ሮዘን በኔዘርላንድ አየር መንገድ ተቀጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወር ሥራቸውን ትተው ወደዚያ ሄዱ፤ የመንገደኛ ማመላለሻ የነበረች ዲሲ-2 አውሮፕላን ቦምብ እንድትጥል ተለውጣ እ.ኤ.አ. በማርች 1940 መባቻ በሌሊት የሶቪየት ይዞታን በእርሷ ደበደቡ። የፊንላንድ አየር ኃይል በቁጥር እጅግ ያነሰ ቢሆንም አብራሪዎቹ በጥንቃቄ የሠለጠኑ፣ በትንንሽ ቡድን ተደጋግፈው መዋጋትን የለመዱ ነበሩ፤ በጠላቱ ላይ ያደረሰውም ጉዳት ከቁጥሩ ጋር የማይመጣጠን ሆነ። ቮን ሮዘን በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ደካማ አገሮች ከኃያላን ጋር ሲፋለሙ አይተዋል፤ በአየር ላይ የሁለቱን ዕጣ ከለዩት ነገሮች አንዱ ሥልጠና ነበር።

ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ መንግሥት ጥያቄ የአየር ኃይሉን ማቋቋምና ማሠልጠን ሥራ ያዙ። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። ጆን ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ተመልሰው ወጣቶችን ማሠልጠን ጀምረው ነበር። በሁለቱ ሰዎች መካከል የተነሣው ጠብ ሮቢንሰንን ከአየር ኃይሉ እስከ ማስወጣት ደረሰ፤ ሮቢንሰንም በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰባቸው የአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። የቮን ሮዘንን አስተዋጽኦ የሚመዝን ጥናት ይህን ገጽ ሊዘለው አይገባም። የስዊድናውያኑ ትምህርት ቤት የተተከለው ሌሎች በመነጠሩት መሬት ላይ ነውና።

የስዊድናውያኑ ልዩነት ሥርዓት መዘርጋታቸው ነበር። ለጀማሪዎች ሳፊር የተባለችው የሳብ ኩባንያ ማሠልጠኛ አውሮፕላን፣ ለውጊያ ክፍል ደግሞ ሳብ ቢ-17 ቦምብ ጣይ ከስዊድን ገቡ። ግንቦት 1939 ዓ.ም. ቮን ሮዘን ራሳቸው አንዲት ሳፊር ከስቶክሆልም አስነሥተው 6,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ ሳያርፉ በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በረው አዲስ አበባ ገቡ። በረራው ለኩባንያው ማስታወቂያ፣ ለሠልጣኞቹም የአውሮፕላኗ አስተማማኝነት ማስረጃ ሆነ። ኋላ ደብረ ዘይት የሚል ስም በተሰጣት በቢሾፍቱ፣ የበረራ ትምህርት ከጥገናና ከመሬት አገልግሎት ትምህርት ጋር ጎን ለጎን ተሰጠ። የሠለጠነው ሌላውን እንዲያሠለጥን መደረጉ ለኋላው ዘመን ዋናው ነጥብ ነው።

ቮን ሮዘን በ1948 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው ሄዱ። ተቋሙ ግን አልፈረሰም። ሌሎች ስዊድናውያን ለተወሰኑ ዓመታት ቆይተው አዛዥነቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለኢትዮጵያውያን ተላለፈ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ስምምነትም የጄት ዘመንን አስገባ። ቲ-28 እና ቲ-33 ማሠልጠኛዎች፣ ከዚያ ኤፍ-86፣ ቀጥሎም ኤፍ-5 ተዋጊዎች ተከታትለው መጡ። አሜሪካውያኑ ያገኙት ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ምልምል ብቻ አልነበረም፤ በረራን፣ ጥገናንና ወታደራዊ ሥርዓትን ቀድሞ የለመደ ተቋም ነበር። በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ወቅት የኢትዮጵያ ኤፍ-86 ተዋጊዎች ከስዊድን ጄቶች ጋር ጎን ለጎን ተሰልፈው ማገልገላቸው፣ የቀድሞ ተማሪና የቀድሞ መምህር በአንድ ሰማይ ላይ እኩል መቆማቸውን ያሳያል።

ቢያፍራ፦ የትንንሽ አውሮፕላኖች ጦርነት

ቮን ሮዘን ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ ወደ ንግድ በረራ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1968 ወደ ተከበበችው ቢያፍራ እርዳታ የጫነ ዲሲ-7 አውሮፕላን ከራዳር እይታ በታች ዝቅ ብለው በመብረር አስገቡ። በቀጣዩ ዓመት ግን ከእርዳታ ወደ ውጊያ ተሻገሩ። ኤም.ኤፍ.አይ-9 የተባሉ አምስት ትንንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች ሮኬት ተገጥሞላቸው፣ እ.ኤ.አ. ከሜይ 22 ቀን 1969 ጀምሮ በፖርት ሃርኮርት፣ በቤኒንና በኤኑጉ የአየር ማረፊያዎች ላይ ድንገተኛ ጥቃት አደረሱ። ናይጄሪያ ሚግ-17 እና ኢል-28 ነበሯት፤ አብዛኞቹን የሚያበሩት ግን ከውጭ የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ዘመቻው የጦርነቱን ፍጻሜ አልለወጠም፤ ቢያፍራ በጃንዋሪ 1970 ተሸነፈች። ቮን ሮዘን በዚህ ተግባር ብዙ ተወቅሰዋል። የቀድሞ አሠሪያቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስም የናይጄሪያን አንድነት የሚደግፈውን የሽምግልና ኮሚቴ ይመሩ ነበርና፣ አሠሪና ተቀጣሪ በአንድ ጦርነት በተቃራኒ ወገን ቆሙ። ለንጽጽር ግን ቢያፍራ ጠቃሚ ማስረጃ ትሰጣለች። ዘመናዊ ተዋጊ መግዛት ፈጣን ነው፤ የአገር አብራሪ ማፍራት ግን ዓመታት ይፈልጋል። በመካከሉ ያለውን ክፍተት ባዕዳን ሲሞሉት አየር ኃይሉ በስም ብቻ ብሔራዊ ይሆናል።

ሁለቱ አየር ኃይሎች

የሶማሊያ አየር ኃይል የተመሠረተው አገሪቱ ነጻነቷን እ.ኤ.አ. በ1960 ካገኘች በኋላ በኢጣሊያ እርዳታ ነው። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ባለ ፒስተን ሞተሮች ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. በድንበር ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች በአየር ላይ የሚገዳደራቸው አላገኙም። ሶማሊያ ፊቷን ወደ ሶቪየት ኅብረት አዙራ ነበርና፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ሚግ-17፣ ኢል-28፣ በመጨረሻም ሚግ-21 ተረከበች፤ አብራሪዎቿም በሶቪየት ኅብረት ሠለጠኑ።

ጦርነቱ በ1969 ዓ.ም. ሊፈነዳ ሲል የሶማሊያ ተዋጊ አውሮፕላኖች በቁጥር ከኢትዮጵያ ይበልጡ ነበር። የኢትዮጵያ አየር ኃይል በአብዮቱ ግርግር የመኮንኖች መታሰርና መገደል ደርሶበታል፤ በየካቲት 1969 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ወታደራዊ እርዳታውን መቀነሱ ደግሞ የመለዋወጫ ምንጩን አጠበበ። በወረቀት ላይ ሲታይ የበላይነቱ የሞቃዲሾ ነበር።

በሰማይ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ከሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄዱት ግጥሚያዎች በቁጥር ጥቂት የሆኑት ኤፍ-5ኢ ተዋጊዎች የሶማሊያን ሚጎች በተደጋጋሚ አሸነፉ። ለገሠ ተፈራ በዚህ ውጊያ ስማቸው ከገነነ አብራሪዎች አንዱ ናቸው፤ ኋላም አውሮፕላናቸው ተመትታ 11 ዓመት በምርኮ አሳልፈዋል። የወደቁት አውሮፕላኖች ቁጥር ከምንጭ ወደ ምንጭ ቢለያይም፣ የአየር የበላይነቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ መተላለፉ አያከራክርም።

ልዩነቱን የሚያስረዱ ሦስት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው የውጊያ ትምህርት ነው። በወቅቱ የሶቪየት ትምህርት ተዋጊ አብራሪው ከመሬት በሚሰጠው የራዳር መመሪያ በጥብቅ እንዲመራ ያደርግ ነበር። ኢትዮጵያውያኑ የቀሰሙት የአሜሪካ ትምህርት ግን በቅርብ ርቀት ግጥሚያ አብራሪው ራሱ አይቶ፣ ራሱ ወስኖ እንዲዋጋ ያለማምዳል። ሁለተኛው የዕድሜ ልዩነት ነው። በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያልተቋረጠ የ30 ዓመት የሥልጠና ሰንሰለት ነበረው፤ የሶማሊያ የጄት ሥልጠና ግን ከዚያ ግማሽ ዕድሜ እንኳ አልነበረውም። ሦስተኛው ጥገና ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ካንዱ አውሮፕላን ፈቶ ለሌላው የሚገጥም፣ ያለውን አብቃቅቶ የሚያስነሣ መካኒክ በደብረ ዘይት ነበረ። ሶማሊያ በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት አማካሪዎችን ስታባርር በአንጻሩ ከአማካሪዎቹ ጋር የመለዋወጫውና የሥልጠናው መንገድ ተዘጋባት።

የአየር የበላይነት ብቻውን ግን አገር አላዳነም። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ የወደቀችው፣ የኢትዮጵያ አብራሪዎች በአየር ላይ እያሸነፉ ባሉበት ወቅት ነው። ከተማይቱ የተመለሰችው የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደሮች ከተጨመሩ በኋላ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ነው። አየር ኃይሉ የሰጠው ጊዜ ነበር፤ የጠላትን የስንቅ መስመር እየመታ፣ የምድሩ ጦር እስኪደራጅ ድረስ ግስጋሴውን አዘገየ።

ጎዴ

የዚህ ጦርነት የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲከፈት ቮን ሮዘን ኢትዮጵያ ውስጥ ነበሩ። የወሎው ረሀብ ከታወቀ በኋላ ተመልሰው፣ መንገድ ወደማይደርስባቸው ቦታዎች በትንንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች እህል የመጣል ዘዴ አደራጅተው ነበር። በቢያፍራ ሮኬት ከተኮሱት አውሮፕላኖች ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆኑት እነዚህ አውሮፕላኖች በዚህ ጊዜ ከክንፋቸው ሥር የያዙት የእህል ከረጢት ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት ሥራቸው ወደ ኦጋዴን ወሰዳቸው። ከቢሾፍቱ ወደ ጎዴ የሚዘረጋው ቀጥታ የአየር መስመር የአርሲን ደጋ ምሥራቃዊ ክፍል አቋርጦ፣ ከአርሲና ከባሌ ተራሮች ውኃውን የሚሰበስበውን የዋቢ ሸበሌን ተፋሰስ ተከትሎ ወደ ቆላው ይወርዳል። ጎዴ በዚሁ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ወገን ኃይል ጎዴን ሲያጠቃ ቮን ሮዘን ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ነበር። ያለ መሣሪያ፣ በእርዳታ ሥራ ላይ፣ መሬት ላይ እንዳሉ ሞቱ። እርሳቸው ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ፍሬ የሆኑት ኢትዮጵያውያን ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተጋጠሙት በዚያው ወር ነው።

ማጠቃለያ

የቮን ሮዘን ሕይወት አንድ ወጥ ምስል አይሰጥም። በ1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀልን ምልክት ይዘው የቦምብ ሰለባ የነበሩት ሰው፣ ከ33 ዓመት በኋላ በሌላ አገር ራሳቸው ጥቃት መርተዋል። የጥቁር ወንድማማችነት ምልክት በነበሩት በሮቢንሰን ቦታ ተተክተዋል። ይሁንና ትተውት የሄዱት ተቋም ከእርሳቸው መውጣት፣ ከስዊድን ወደ አሜሪካ ከተደረገው የአቅራቢ ለውጥና ከአብዮቱ ግርግር ተርፎ በአስፈላጊው ሰዓት ሠርቷል። የሶማሊያ አየር ኃይል የተሻለ ቁጥርና ፈጣን አውሮፕላን ይዞ የተሸነፈው በአብራሪዎቹ ድፍረት ማነስ አይደለም። ሥልጠናው በአገር ውስጥ ሥር ሳይሰድ ጦርነት ስለ ደረሰበት ነው።

ይህ ንጽጽር በአሰላ ለሚጠናው የካዱ ታሪክም የሚሰጠው ፍንጭ አለ። በጭላሎ የስንዴ ምርት ሲያድግ ባለመሬቶች በትራክተር ለማረስ ሲሉ ጭሰኞችን ማፈናቀላቸው ይታወቃል። ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው ሲመጡ የመሬት ሥሪቱ ገና አልተለወጠም ነበርና የቴክኒኩ ጥቅም ሊያገለግላቸው ለታሰቡት ሁሉ አልደረሰም። በቢሾፍቱም ሰማዩ በሠለጠኑ ልጆች ሲጠበቅ፣ በምድር ያለው የፖለቲካ ቀውስ ግን አገሪቱን ለወረራ አጋልጧት ነበር። በሁለቱም ቦታ የውጭ ባለሙያ ዕውቀትን ማስተላለፍ ችሏል። ዕውቀቱ ለማን፣ በምን ሥርዓት እንደሚውል መወሰን ግን የአገሬው ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። የሁለቱን የስዊድን ትብብሮች፣ የአርሲውን የእርሻና የቢሾፍቱን የበረራ ትምህርት ቤት፣ ጎን ለጎን አድርጎ መመርመር ለቀጣይ ጥናት ተገቢ መስክ ነው።